ሰባተኛው ኩርባ በሰባ

ነጃት በወደቀች በዘጠነኛው ቀን ሞተሯ ጋሽ ሲራክ ግቢ ደረሰች። ያመጣቻት ነጂ የሌላት የዕቃ ጋሪ በሩ ላይ ቆማ «ዕቃ አለዎት፤ እባክዎ ይረከቡ» አለች። መልስ ስታጣ ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ ሞተሯን ከነአቧራዋ ከኒሙ ዛፍ ሥር አጋድማ ሄደች። ጋሽ ሲራክ በመስኮት እያየ ነበር፤ አልወጣም። ከማን እንደሚደበቅ ለራሱም አልገባውም፤ ጋሪ እንደሁ ሰው አይታዘብ።

ሕጉ ነው እንጂ ማንም ሊያስጨንቀው ብሎ የላከበት አይደለም። በድሬ ዶቅዶቄ ማህበር የወደቀ ሰው ሞተሩን ከፊቱ ሲነዳ ለነበረው ቀዳሚ ያስረክባል። ቀዳሚው በገዛ እጁ ፈታትቶ ይጠግናታል፤ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ ራሱ ነድቶ፣ አባላቱ እያዩ፣ ለባለቤቷ ይመልሳታል። ከፊት የሚነዳ ሰው ከኋላው ያለውን እንዳይረሳ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው። ማህበሩ ከተመሠረተ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሕጉ ሲሠራበት ግን ይህ ሁለተኛው ነው። በዚህ ዘመን ሰው አይወድቅማ።

አይወድቅም ስል የምሬን ነው። ብስክሌት ይሁን ሞተር፣ የበሽተኛ ወንበርም ቢሆን፣ ከመቀመጫው ሥር የሳሙና ያህል ጠባቂ አለው። ሊያጋድል ሲል ያቀናዋል፤ አጉል ሊፈጥን ሲል ይይዘዋል። ሃያ ዓመት ያልሞላውን የድሬዳዋ ልጅ ሱሪውን ሰብስበህ ጉልበቱን ብታየው አንዲት ጠባሳ አታገኝበትም። እናቶች «ተጠንቀቅ» ማለት ትተዋል። ቃሉን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ከተማው ውስጥ ያለ ጠባቂ መንዳት የሚችሉት ሃያ ሰዎች ናቸው። የነፃ እጅ ፈቃድ ይባላል። በወር አንድ ቀን፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ አልኮል የሚሠሩ አሮጌ ሞተሮቻቸውን አስነስተው የደንገጎን ዳገት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ኩርባዎቹ ዳር ይቆማል። ሞተር ለማየት የሚመጣ እንዳይመስልህ፤ ሞተር በሙዚየም ሞልቷል። ሊወድቅ የሚችል ሰው ለማየት ነው የሚመጣው።

ከመነሳታቸው በፊት በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ግቢ ይሰበሰባሉ። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። እያንዳንዱ አባል ጠባቂውን ከመቀመጫው ሥር ነቅሎ፣ ሰው እያየው፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ጸሐፊው ድልነሳው ይቆጥራል። ሃያ ሞተር፣ ሃያ ጠባቂ። ከዚያ በየተራ ከሞተራቸው አጠገብ እየቆሙ ሦስት ነገር ይናገራሉ፦ የት አገኘኋት፣ በእጄ ምን ሠራሁላት፣ የት አደረሰችኝ። ሙክታር የሚባለው ግዙፍ ሰውዬ ቦክሰር ሞተሩን ከዶሮ ቤት እንዳወጣትና የሰርባቶዮዋን፣ የነዳጅ ጋኗን፣ ዝገት በአሸዋ አጥቦ እንደጨረሰ በየወሩ ይናገራል፤ በየወሩም ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ማንም አይስቅበትም። ማህበሩ የቆመው በዚህ ነው፤ «በእጄ ሠራሁ» ያለ ሰው በእጁ ሠርቷል።

ጋሽ ሲራክ የዚህ ማህበር ቀዳሚ ከሆነ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ፂሙን የሚያሳምር፣ ስለ ራሱ ማውራት የማይጠላ ሰው። ቀይ ሱዙኪውን ያገኛት ከባቡር ጥገና ክፍል ጀርባ፣ ቸርኬ እንኳ ሳይኖራት ነው። የት አደረሰችህ ሲባል አንድ መልስ ነበረው፦ «ሰባተኛውን በሰባ።»

የደንገጎ ሰባተኛ ኩርባ ማለት ገደሉን ይዞ እንደ ማጭድ የሚታጠፈው፣ ጠጠር የማይጠፋበት ነው። ሌሎቹ ፍሬን ይዘው፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ እየተንፏቀቁ ያልፉታል። ጋሽ ሲራክ በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር ይገባበታል። «ሰባተኛውን በሰባ» በካናቴራ ታተመ፤ ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይሉታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልስህ ቢሉት አይመለስም።

እንግዲህ ጉዱን እንናገር። ከአምስት ዓመት በፊት የግራ ጆሮው ታሞ ሚዛኑን ይዞት ሄደ። ሐኪሙ «ቆመው መሄድ አያቅትዎትም፤ በሁለት ጎማ ላይ ግን ያለ ጠባቂ አይወጡ» አለው። ለማንም አልተናገረም። አንድ ቀን ግን ከሰፈሩ ቆሻሻ መጣያ የተጣለች የሕፃን ብስክሌት አየ፤ ሮዝ ቀለም፣ ከመሪዋ ላይ ክር የተንጠለጠለባት። የሕፃን ብስክሌት ጠባቂ እንደ ትልቁ ለትራፊክ ቢሮ ወሬ አያቀብልም። ፈቶ ወሰደው። ከሱዙኪው መቀመጫ ስፖንጁን ቀዶ ከተተውና መልሶ ሰፋው። ችግሩ፣ የሕፃን ጠባቂ ይናገራል፤ ብስክሌቷ ባጋደለች ቁጥር በሴት ድምፅ «አይዞህ፣ ይዤሃለሁ!» ይላል። ጋሽ ሲራክ ሻማ አቅልጦ አፉን በሰም ደፈነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ሃምሳ ምናምን እሁዶች እውነተኛ ጠባቂውን ከሰው ፊት ነቅሎ ነጭ ጨርቁ ላይ ያስቀምጥና የሕፃኑ ላይ ተቀምጦ ይወጣ ነበር። ሰባተኛውን በሰባ መግባት የጀመረውም ያኔ ነው። ሰው ምነው እንዲህ ደፈርክ ሲለው «ዕድሜ ሲገፋ ሞት ይናቃል» እያለ ይስቅ ነበር። ሰውም ጉድ ይል ነበር።

*

ነጃት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ በክር ፋብሪካ ማሽን ትጠግናለች። ማህበሩ ውስጥ ሃያኛዋ ሰው ሆና የገባችው ባለፈው ዓመት ነበር። ሞተሯ ያማሃ ናት፤ አያቷ የእንስሳት ክትባት ይዘው ገጠር ለገጠር የዞሩባት፣ ሰማያዊ ቀለሟ የለቀቀ። የመጀመሪያ ቀን ተነስታ «የት አገኘኋት? አልጋ ሥር» ስትል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እውነትም በየክፍሏ ተፈታታ፣ በአንሶላ ተጠቅልላ፣ አልጋ ሥር ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጇ ገጣጠመቻት።

በዚያ እሁድ ከጋሽ ሲራክ ኋላ ትነዳ ነበር። በማህበሩ አነዳድ የኋላው የፊተኛውን ዱካ ይከተላል፤ ጎማ በጎማ፤ ቀዳሚው ያጋደለውን ያህል ያጋድላል፣ የፈጠነውን ያህል ይፈጥናል። ከሰባተኛው ኩርባ በፊት ሌሎቹ ሁልጊዜ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀሩለት ነበር። ነጃት አልቀረችም።

ጋሽ ሲራክ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ሱዙኪዋ ከሥሩ ሸርተት አለች፤ የሕፃኑ ጠባቂ ደግሞ ብብቱን ይዞ እንደሚያነሳ ሰው ቀጥ አደረጋት። በዚያው ቅጽበት ከኋላው ብረት በድንጋይ ላይ ሲፋቅ ሰማ። ከዚያ ምንም አልሰማም።

ሕዝቡ ጃንጥላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ክፋት አልነበረም፤ የወደቀ ሰው አይተው ስለማያውቁ ምን እንደሚደረግ አላወቁም። አንድ ሕፃን ብቻ «ለምንድነው የማትነሳው?» ብሎ ጠየቀ። ያነሳት ሙክታር ነው። እግሯ ከጉልበቷ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

የትራፊክ ቢሮው ጠያቂ ማሽን በሩብ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ለጋሽ ሲራክ ያቀረበለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «የወደቀችው በማን ጥፋት ነው?» ጋሽ ሲራክ ፂሙን ዳበሰ። ሙክታር እያየው ነው። ድልነሳው እያየው ነው።

«በራሷ» አለ።

ማሽኑ አመስግኖት ሄደ። አባላቱ በሚቀጥለው የመጀመሪያ እሁድ ቃሉን ሰምተው ካጸደቁት የነጃት ፈቃድ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይሰረዛል። እስከዚያ ቀን ድረስ ቃሉን መለወጥ ይችላል። ከለወጠው ግን ለምን እንደለወጠ ይጠየቃል።

*

ያማሃዋን መፍታት የጀመረው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ ካቴናውን አወጣ፣ ፍሬኑን ፈታ፣ ካርቡሬተሩን በጨርቅ ላይ በተነ። ልቡ ግን የሚሠራው ሌላ ነበር። ጥፋት ይፈልጋል። የላላ ቡሎን፣ ያረጀ የፍሬን ሸራ፣ ዘይት ያልነካው ካቴና፤ አንድ ብትገኝለት ይበቃው ነበር። «ልጅቷ ትንሽ ዝርክርክ ናት» ብሎ ተኝቶ ለማደር የምትበቃ አንዲት ጥፋት። እያንዳንዷን ቡሎን ሲነካ «እባክሽ ላልተሽ ተገኚ» ይል ነበር። እንዲህ የሚያስብ ሰው መሆኑን ሲያስተውል ጆሮው ድረስ ጋለ።

አንድም አላገኘም። ፍሬኑ አዲስ ሸራ ነበረው፤ ጠርዙ እንዳይዝ በእጅ ሞረድ ተሞርዶ፣ ማዕዘኑ ለስልሶ። ካንዴላው ንጹሕ ነው። ቡሎኖቹ ሁሉ ላይ እንደላሉ ወዲያው እንዲታይ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አስምራባቸዋለች። እሱ ራሱ እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም።

በመጨረሻ የፍጥነት መቁጠሪያውን ፊት በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። አቧራው ሲነሳ ከመስተዋቱ ላይ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ደም መስሎት ነበር። የጥፍር ቀለም ነው። ነጃት በጥፍር ቀለሟ ቀጭን መስመር አስምራለች፤ ሰባ ቁጥር ላይ።

ጋሽ ሲራክ ጨርቁን እንደያዘ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሰባተኛውን በሰባ። ቀልቧን ከመንገዱ ሳታነሳ እንድታየው፣ እሱ ባለው ፍጥነት ላይ ምልክት አድርጋ፣ ፍሬን ሳትነካ ገባች። ስሕተት አልሠራችም። የታመነን ሰው አመነች፣ ሌላ ምንም አላደረገችም። እሱ በሕፃን ጠባቂ ላይ ተቀምጦ የገባበትን ፍጥነት እሷ በባዶ እጇ ገባችበት።

«አፈር ብላ ሲራክ» አለ ለብቻው። ግቢው ውስጥ የሚሰማው አልነበረም፤ ቢሆንም ዞር ዞር ብሎ አየ።

*

ሊጠይቃት ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው የሄደው በማግስቱ ነው። እነግራታለሁ ብሎ ነው ከቤቱ የወጣው። መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሲያዘጋጅ ነበር። በሩን የከፈቱለት እናቷ ወይዘሮ ፈቲያ ናቸው፤ ድሬዳዋ አንቱታ የማይበዛባት አገር ናትና እጁን ይዘው ጎተቱት።

«አንተ ሰው! ምነው ጠፋህ? ና ግባ እንጂ! ሞተሯን በእጁ እየሠራላት ነው ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! አላህ ይስጥህ። ሰው ማለት እንዲህ ነው።»

ነጃት ወንበሯ ላይ ናት፤ እግሯ በነጭ ብረት ተይዟል። ስታየው ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አቦ ጋሼ፣ አትየኝ! አፈርኩ።»

«ምን ሆነሽ ታፍሪያለሽ?»

«አሳፈርኩህ እንጂ! ከአንተ ኋላ ነድቼ ወደቅኩ። ሰው ምን ይላል? ሲራክ ያሠለጠናት ይህቺን ነው ይላል።» እጇን ከፊቷ አወረደች። «ስንት ቀን አሰብኩት። አንተ ስትገባ እኮ ትከሻህ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን ጠጠሩን ሳይ ፈራሁ። ፍርሃቴ ነው የጣለኝ። ይህን ጽፌ ለቢሮው ፈርሜ ልኬያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ። አንተን እንዳያስቸግሩህ።»

ጋሽ ሲራክ አፉን ከፈተ። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ የተዘጋጀው ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። በዚህ መሐል ወይዘሮ ፈቲያ ትኩስ ሳምቡሳ በሳህን ይዘው ገቡ።

«ብላ፣ ለእጅህ ነው። የልጄን ሞተር የነካ እጅ አይራብም።»

አንዱን በላ። «ሌላ ጨምር» አሉት። ሁለተኛውንም በላ። ከዚያ «አይዞሽ፣ ትድኛለሽ» ብሎ ተነሳና ወጣ። የሚንቁትን ሰው እንኳ እንዲህ አያደርጉትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ ግን መሬት ለፈለጋት ሰው ተከፍታ አታውቅም።

በእሁዱ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያማሃዋ ተሠርታ አለቀች። በእግሩ ረግጦ አስነሳት፤ በሦስተኛው ዶቅዶቅ አለች፣ ሰማያዊ ጭሷን ለቀቀች። በማግስቱ እሷን ነድቶ ባቡር ጣቢያ መድረስ አለበት። ያለ ጠባቂ ደግሞ ግቢውን እንኳ መዞር አይችልም። እናም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሱዙኪውን መቀመጫ ቀደደ፣ የሕፃኑን ጠባቂ አወጣ፣ የያማሃዋን መቀመጫ ገለበጠና ስፖንጁን በጩቤ ቦርቡሮ ከተተው። አያቷ የተቀመጡበት ስፖንጅ ነው። መርፌና ክር አነሳ።

ሁለት ስፌት ከሰፋ በኋላ እጁ እምቢ አለ። ሐቀኛ ሆኖ አይደለም፤ አምስት ዓመት ሲዋሽ እጁ እምቢ ብሎት አያውቅም። ነጩን መስመር ነው ያየው፤ ልጅቷ መቀመጫዋን በያዙት ቡሎኖች ላይ ሳይቀር ከቡሎኑ ወደ ብረቱ አስምራለች። ሌሎቹን መስመር በመስመር ገጥሟቸዋል፤ የተቦረቦረው መቀመጫ ግን መልሶ ሲገጠም መስመሩ አይገናኝም። ማንም ባያይ ነጃት ታያለች። ትጠይቀዋለች። እሱም ይዋሻታል። እሷም ታምነዋለች። ይህ የመጨረሻው ነገር፣ ታምነዋለች የሚለው፣ እጁን ያዘው።

ክሩን በጠሰ።

*

እሁድ ጧት የድሬዳዋ ሰው ያየው ነገር ይህ ነው። ጋሽ ሲራክ፣ ሰባተኛውን በሰባ፣ ያማሃዋን በእጁ እየገፋ ወደ ከዚራ ሲመጣ። ደቻቱ ወንዝ ጋ ላብ በላብ ሆኗል። ከኋላው የሚመጡት መኪኖች አያልፉትም፤ የሚገፋ ሞተር አይተው ስለማያውቁ ምን ብለው ይለፉት? አንዷ ዝግ አለችና «ክቡር እግረኛ፣ እርዳታ ይፈልጋሉ?» አለችው። «አልፈልግም» አላት። ከኋላዋ ያለችውም «ክቡር እግረኛ፣ እርዳታ ይፈልጋሉ?» አለች። ባቡር ጣቢያ እስኪደርስ አርባ ምናምን መኪና ተሰልፎ እየተከተለው ነበር፤ ሁሉም በተራው ይጠይቀዋል፣ እሱም ለሁሉም ይመልሳል። ከመስኮት የሚያዩት ሰዎች መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ መሳቁን ተዉ።

ጣቢያው ግቢ ሁሉም ደርሰዋል። ነጭ ጨርቁ ተዘርግቷል። ነጃት ከእናቷ ጋር ጥላው ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ድልነሳው ቆጥሮ ጨርሶ፣ «ጋሽ ሲራክ፣ ምነው ገፋሃት? አልነሳ አለች እንዴ?» አለው።

«ትነሳለች» አለ ጋሽ ሲራክ። «ከእሷ ምንም የጎደለ የለም። መጀመሪያ ቃሌን ስሙኝ።»

ሌላ ጊዜ ሲናገር ደረቱን ነፍቶ ነበር። ዛሬ ወደ ጠረጴዛው ተጠግቶ የሳሙና ያህል ሮዝ ነገር ከኪሱ አወጣና ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከጠባቂዎቹ መሐል አስቀመጠው። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሰሙን ይፍቅ ጀመር። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ማህበሩ ሁሉ ቆሞ አንድ ሽማግሌ ሰም ሲፍቅ ያያል።

ፍቆ ሲጨርስ ጣቱን አስደግፎ ጋደል አደረገው።

«አይዞህ፣ ይዤሃለሁ!» አለ የሴቲቱ ድምፅ፣ ደስ ብሏት።



«የት አገኘኸው ትሉኛላችሁ» አለ ጋሽ ሲራክ። «ከሕፃን ብስክሌት። በእጄ ምን ሠራሁ? መቀመጫ ሰፋሁ፣ አፉን በሰም ደፈንኩ። የት አደረሰኝ? ሰባተኛው ላይ፣ በሰባ። ጆሮዬ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ላይ ተቀምጬ ነው የገባሁት። እናንተ ፊት እዚህ የማስቀምጠው ሌላው ነው።» ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ነጃት አልተሳሳተችም። ዱካዬን ተከተለች። ለቢሮው በራሷ ነው ያልኩት ውሸት ነው፤ በኔ ነው። ጻፈው ድልነሳው።»

ድልነሳው ብዕሩን እንደያዘ ነው። ሙክታር ወደ መሬት አቀርቅሯል፤ ያ ትልቅ ሰውዬ አንገቱ ድረስ ቀልቷል፣ እንደ ጥፋተኛ። የሰው ኀፍረት ለሚያየውም ይተርፋል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ አምስት ዓመት ሲጎትተው የኖረውን ሁሉም አሁን አዩለት። ወይዘሮ ፈቲያ ብቻ «ሳምቡሳዬን በልተህ!» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ነጃት፣ ይቅርታ…»

«ቆይ» አለችው። ፊቷ አመድ መስሏል። «አሁን ይቅርታህን አልፈልገውም። ለሃያ ስምንት ቀን ፈሪ ነኝ እያልኩ አለቅስ ነበር፤ ሌሊት እናቴን አላስተኛም። ቤቴ መጥተህ አይዞሽ አልከኝ። እንደ እሱ!» ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች። «ሕጉ ምን ይላል ድልነሳው? ሞተሬን ገፍቶ ይመልስ ነው የሚለው?»

ድልነሳው ብዕሩን አኖረ። «ነድቶ ይመልስ ነው የሚለው።»

«ነድተህ አምጣልኝ» አለችው።

ሙክታር «ኧረ ነጃት፣ ሰውየው ይወድቃል» አለ።

«እኔም ወድቄያለሁ።»

ጋሽ ሲራክ አልተከራከረም። ያማሃዋን ወደ ግቢው ጥግ ገፍቶ ወሰደ። ከዚያ እስከ ነጃት ወንበር ሠላሳ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሜዳ። እግሩን አሳልፎ ተቀመጠ፣ ረግጦ አስነሳ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ምድር ወደ ግራ ዞረች። አምስት ዓመት የረሳት ያቺ መዞር። እግሩን ዘረጋ፣ አቀና፣ አሥር ሜትር ሄደ። አሥራ አምስት።  ከዚያ ያለ ምንም ጠጠር፣ ያለ ምንም ኩርባ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ወደ ግራው ወደቀ።

ሙክታር ሊያነሳው ሮጠ። ጋሽ ሲራክ እጁን አንስቶ አስቆመው። ራሱ ከሞተሯ ሥር እግሩን አወጣ፤ ሱሪው ተቀዷል፣ ጉልበቱ ደምቷል። ያማሃዋን አንስቶ የቀረውን መንገድ እያነከሰ ገፋትና ነጃት ፊት አቆማት። ከዚያ ከኪሱ የሱዙኪውን ቁልፍ አወጣ።

«የወደቀ ሞተሩን ለቀዳሚው ያስረክባል» አለ። «ከእኔ ፊት ማን ነበር? ማንም አልነበረም። አንቺ ውሰጂያት።»

ነጃት ቁልፉን አየችው። ወዲያው አልተቀበለችውም። የያማሃዋን ነጭ መስመሮች በዓይኗ ዞረች፤ የመቀመጫው ቡሎን ላይ ደርሳ መስመሩ እንዳልተገናኘ አየች፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ ምንም አልጠየቀችም። ከወንበሯ ጎንበስ ብላ የፍጥነት መቁጠሪያውን ወደ ራሷ አዞረች። ቀዩ ምልክት እዚያው ነው።

«ጋሼ» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው። «ጆሮህ ደህና በነበረ ጊዜ፣ ያለ ምንም ነገር፣ ሰባተኛውን በስንት ነበር የምትገባው? እውነቱን።»

ጋሽ ሲራክን ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማው ነው። መኪኖቹ እንኳ ከአጥሩ ውጭ እንደቆሙ ናቸው። ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀዋል፤ ከእነሱ አንዱ ካናቴራውን ለብሷል።

«በሠላሳ አምስት» አለ። «ጠጠር ካለ ደግሞ በሠላሳ። ወርጄ የገፋሁበትም ቀን አለ።»

ነጃት ቁልፉን ከእጁ ወሰደች። ከዚያ የአውራ ጣቷን ጥፍር መስተዋቱ ላይ አስደግፋ ቀዩን ቀለም መፋቅ ጀመረች። እሱም ቆሞ፣ እስክትጨርስ፣ ያይ ነበር።